ሳህኑን የገለበጠው ማን ነው

ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስለ ዋርሳዬ፣ ስለ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። «ሳህኑን ገልብጦ የገጠመው እሱ ነው።» በስልክ ተናግሬዋለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተናግሬዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ተናግሬዋለሁ። እሱም ስለ እኔ የሚለው አንድ ነበረው። «አሳስታ ያነበበችልን እሷ ናት።» ናይሮቢ ውስጥ እርስ በርስ የምንተዋወቅ አበሾች ብዙ ስላልሆንን ሁለቱም አባባሎች ያልደረሱበት ቤት የለም። ሰው ደስ ያለውን መርጦ ያዘ። አብዛኛው የያዘው የእሱን ነው።

የምንጣላው ስለ ባለቤቴ ቀኝ እጅ ነበር። እጁን ያቃጠለው የማን ስህተት ነው? የእኔ ወይስ የገዛ ወንድሙ? ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ባለፈው ወር ነገሩ እንደገና ተነሳ። የሆነውን ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ልጻፈው።

ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ የጀልባ ሞተር መካኒኮች ነበሩ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ ከአንድ የብረታ ብረት መጋዘን ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጋራዥ ነበራቸው። ከናይቫሻ ሐይቅ ሆቴሎች፣ አንዳንዴም ከሞምባሳ፣ ሞተር በፒክአፕ እየተጫነ ይመጣላቸዋል። እጃቸውን የማያደንቅ አልነበረም። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱም አያነቡም። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የወጣትነት ዘመኔ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ነው ያለፈው። ስለዚህ በርጩማ አምጥቼ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ጎን እቀመጥና የሞተሩን መመሪያ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። ከበድ ያለውን ክፍል ቤቴ ወስጄ፣ ተርጉሜ፣ በደብተር እጽፈዋለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ደንበኛ ሲገባ ግን ዋርሳዬ፣ አሁን ያነበብኩለት ገጽ ላይ ጣቱን እንዳደረገ፣ «እታለም፣ እስቲ ለሰውየው ሻይ አምጪለት» ይለኝ ነበር። ይህን አልረሳሁም። ሻዩን አመጣ ነበር፤ ያንንም አልረሳሁም።

አንድ ቀን ከሐይቁ ጄት ስኪ መጣ። ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጋለበው ነው፤ ቱሪስቶች ይወዱታል፣ ጉማሬዎቹ አይወዱትም። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍተን አናውቅም ነበር። ነዳጅና አየር የሚገባለት በአንድ ስስ የብረት ሳህን በኩል ነው። የሳህኑ ጎን ተቆርጦ ወጥቷል። ሞተሩ ሲዞር ሳህኑም አብሮ ይዞራል፤ የተቆረጠው በኩል ቀዳዳው ላይ ሲደርስ መግቢያው ይከፈታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። በእንግሊዝኛ ሮታሪ ቫልቭ ይባላል። እኛ ሳህን አልነው። መሐሉ ላይ ባለው ጥርስ በየትኛውም አቅጣጫ ሊገባ ስለሚችል፣ ዋናው ነገር የት ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው። ቦታው ከተሳሳተ ሞተሩ መሳብ ሲገባው ወደ ኋላ ይተፋል።

የፋብሪካው መመሪያ አልነበረንም። የሆቴሉን ጀልባዎች ይጠብቅ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጁ ጽፎ የተወው አንድ ገጽ ብቻ ነበር የደረሰን። ሰውየው የዲግሪ መለኪያ ለሌለው እንዲገባው ብሎ የሳህኑን ቦታ በሰዓት ቁጥሮች ነበር ያስረዳው። ገጹን ቤቴ ወስጄ ተረጎምኩት። አናቱ ላይ «ቫልቭ ታይሚንግ» ይላል። «የቫልቩ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አማርኛ ሆኖልኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሦስታችን ሠራነው። ባለቤቴ ፒስተኑን እስከ ጫፍ አወጣ። እኔ የሳህኑን ቦታ ከደብተሬ አነበብኩ። ዋርሳዬ ሳህኑን አስገባ፣ አወጣ፣ እንደገና አስገባ። ሽፋኑን በብሎን አሰሩት። ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ባለቤቴ የአየር ማጣሪያውን ፈታ፤ የካርቡራተሩን አፍ በቀኝ መዳፉ ግማሽ ያህል ሸፈነና «ምታው» አለ። ዋርሳዬ ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ። «ድገመው» አለ ባለቤቴ። ያን ጊዜ ሞተሩ ቤንዚኑን ወደ ውጭ ተፋው፤ ከቤንዚኑ ጋር እሳት መጣ። ድምፁ ትልቅ አንሶላ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ባለቤቴ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያየዋል። አይጮህም። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝም ብሎ ያየዋል።

ሦስቱ ጣቶቹ ከዚያ በኋላ አልታጠፉም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ባለቤቴን አስገብተው በሩን እንደዘጉት፣ ዋርሳዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ብለሽ ነው ያነበብሽልን?»

«የተጻፈውን ነዋ።»

«የተጻፈውን ብታነቢ ይሄ ይመጣ ነበር?»

እንግሊዛዊው ገጹ ላይ የሳህኑ ሁለት ፊቶች አንድ እንዳልሆኑ ጽፎ ነበር። እሱ ትዝ አለኝና «አንተ ገልብጠህ ገጥመኸው ነው» አልኩት። «የቱ ፊቱ ወደ ውጭ እንደሆነ ሳታይ ነው የከተትከው። ሁለት ጊዜ ስታወጣው ስታስገባው አይቼሃለሁ።»

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት።

የሆቴሉ ሰዎች በሳምንቱ መጥተው ጄት ስኪውን እንዳለ ጭነው ወሰዱት። ከፍቶ ያየው የለም። ስለዚህ የሁለታችንም ቃል የሚፈርድበት ሳያገኝ ቀረ።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲያርፍ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። በርጩማዬ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሮበታል። ዋርሳዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ «ከእንግዲህ መጽሐፍ አያስፈልገንም» አለኝ። ቆርቆሮዎቹን አንስቼ ልቀመጥ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ ደብተሬን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሁርሊንግሃም ባለ የአበሻ ምግብ ቤት አንድ እሁድ ከሴቶች ጋር ተቀምጠን፣ አስተናጋጇ ሜኑ ስታመጣ እጄን ዘረጋሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሜኑውን ቀድማ ነጠቀችና «ኧረ እሷ እንዳታነብልን፣ እሳት ይነሳል!» አለች። ሳቁ። የሳቁትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ የኢሚግሬሽን ፎርም እንድሞላላት ቤቴ መጣች። ሞላሁላት። ተቀመጪ ግን አላልኳትም።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ሸሚዙን በግራ እጁ መቆለፍ ተማረ። ጋራዡ ሄዶ ይቀመጥና ወንድሙን በአፉ እያዘዘ ያሠራዋል። ማን አጠፋ የሚል ወሬ ቤቴ ውስጥ ከተጀመረ ሬዲዮ ይከፍታል። የሞተው በሌላ በሽታ ነው። በለቅሶው ዋርሳዬ በድንኳኑ አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ተቀመጥን። ለቀስተኛው መጀመሪያ ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት መሐል ላይ ይቆም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከዋርሳዬ ጋር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመበትን ካየሁ ሌላ በር እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ኪሊማኒ ያለው ቤቴ መጣች። ናይሮቢ ነው ያደገችው፤ አንድ አየር መንገድ ቢሮ ትሠራለች። አጎቷን ትጠይቀዋለች። አልከለከልኳትም፤ አላበረታታኋትምም።

«ማሚ፣ ፕሊዝ እንዳትቆጪ።»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«እኔ ምንም። አንክል ደውሎልኝ ነበር። ያ ዓይነት ጄት ስኪ መጥቶለታል፣ ፍሮም ናይቫሻ። ሴም ኢንጅን። ደብተርሽን ፈልጎ ነው።»

«ሞቷል በይው።»

«ማን?»

«ደብተሩ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ሌላ ፉንዲ ጋ ለምን አይልከውም?» አልኳት፤ እዚህ አገር መካኒክን ፉንዲ ነው የምንለው።

«ነግሬዋለሁ። ‹ይሄን ሞተር እኔው ሳላስነሳው አልቀርም› ይላል። ማሚ፣ ሂ ኢዝ ኦልድ። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ደብተሩን ብቻ ስጪኝ፣ ፎቶ አንስቼ እመልስልሻለሁ።»

«ደብተሬ ያለ እኔ የትም አይሄድም» አልኩና ጫማዬን ለመቀየር ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ልረዳው አልሄድኩም። ደብተሬን በጋራዡ ሠራተኛ ፊት ከፍቼ፣ እንደተጻፈው አስገጥሜ፣ ሞተሩ ሲነሳ «አየህ?» ልለው ነው የሄድኩት። ታክሲው ውስጥ ቃሉን ስለማመደው ነበር። ልጄ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ «እየጸለይሽ ነው?» አለችኝ።

ጋራዡ ያው ነው። እሱ ግን አንሷል። በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ዘርግቷል። ስገባ ለመነሳት ሞከረ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ግማሽ ላይ ቀረ። ከእሱ ጋር የሚሠራው ኬንያዊ ፉንዲ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ከእኛ ሰዎች ጋር ኖሮ አማርኛ ይሰማል፣ ሲፈልግም ይናገራል። «ካሪቡ፣ ማማ። ደህና ነሽ?» አለና ወንበር አመጣልኝ። ሞተሩ ሽፋኑ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ደብተሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዋርሳዬ እጁን አነሳ።

«ቆይ። ሳንጀምር አንድ ነገር ልበል። ልጅቷም ትስማ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እታለም፣ ሳህኑን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ያን ቀን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ከተትኩት። በሁለተኛው የቱ ፊቱ ወደ እኔ እንደነበር አላየሁም። ሆስፒታል ስትነግሪኝ ልቤ ቀጥ አለ። እውነቷን ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ ያወራሁትን ሁሉ ያወራሁት ፈርቼ ነው። ሰው ወደ እኔ እንዳይዞር።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ሲመጣ ምን እንደምል ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። ደስታም አልነበረም። የመጣብኝ ንዴት ነው፤ እኔን እንደዚያ ካደረገኝ በኋላ፣ እሱ በመረጠው ቀን፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ መናገሩ።

«ለእሱ ግን አልነገርከውም» አልኩት። ባለቤቴን ማለቴ ነው።

«ነግሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«በዚያው ሰሞን። እጁ ገና እንደታሸገ።»

«ምን አለህ?»

«‹አንተም ተወው፣ እሷንም ተዋት› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።»

ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ቤት ሲኖር ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም። ልጄ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እንሥራ» አልኩ።

ፉንዲው ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው መለኪያ አስገባ፤ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረና ፒስተኑን ጫፍ አደረሰ። የእንግሊዛዊውን ገጽ ዋርሳዬ አልጣለውም፤ በላስቲክ ውስጥ አድርጎ በቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛው በኩል ለጥፎታል። ማንበብ አይችልም፤ ለምን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩትም። ልጄ አውጥታ ያዘችው። ዋርሳዬ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም አያይም። አንቺው አስገቢው» አለኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ጎን ተቀምጬ አንድም ዕቃ ንኪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳህኑን አነሳሁት። ካሰብኩት ይልቅ ቀላልና ቀዝቃዛ ነው። ደብተሬን አየሁ፣ የመክፈቻውን ጠርዝ፣ የተቆረጠው የሚጀምርበትን፣ ወደ ታች፣ በስተግራ በኩል አድርጌ ጥርሱ ላይ አስቀመጥኩት። ጠቅ ብሎ ገባ።

«ማሚ፣ ዌይት» አለች ልጄ። «ምን ላይ ነው ያደረግሽው?»

«የተጻፈው ላይ።»

«የአንቺ ምን ይላል?»

«‹የመክፈቻው ጠርዝ ሰባት ሰዓት ላይ ይሁን።›»

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «እዚህ ዋን ኦክሎክ ነው የሚለው።»

«እኮ፣ ሰባት ሰዓት።»

«ኖ፣ ማሚ። ዋን።»

ሳቄ መጣ። እንግሊዝኛ ተምራ አማርኛ የጠፋባት መሰለኝ። «ልጄ፣ ዋን ኦክሎክ በአማርኛ ስንት ሰዓት ነው? ሰባት አይደለም?» አልኩና ፉንዲውን በእሱ ቋንቋ ጠየቅኩት። «ዋን ኦክሎክ፣ ሳ ንጋፒ?»

እሱም ራሱን ሳያነሳ «ሳ ሳባ፣ ማማ» አለ፤ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው። የእነሱም አቆጣጠር እንደ እኛው ነው።

«ይኸው!» አልኳት።

ልጄ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት በጣቷ አሳየችኝ፤ ወደ ቀስቶቹ ሳይሆን ወደ ቁጥሮቹ። «ማሚ፣ ይሄ እኮ ታይም አይደለም። ቦታ ነው። አንድ ቁጥር ያለችበት ቦታ።»

ሳህኑን ከእጄ ስር አወጣችው። ከታች ከግራ አንስታ ወደ ላይ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ልክ ከነበረበት ፊት ለፊት። ግማሽ ዙር። ሰባት ካለበት ወደ አንድ።

ዋን ኦክሎክን ሰባት ሰዓት ብሎ የማይተረጉም አበሻ አለ? ሳላስበው የማደርገው ነው፤ የቀጠሮ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ስገለብጥ ነው የኖርኩት። «ታይሚንግን» ሰዓት ብዬ ስተረጉም ልቤ ሰዓት ላይ ነበር። አንዱን ሰባት አደረግኩት። ተሳሳትኩ ብዬ ለአፍታ እንኳን ሳልጠራጠር፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ።

ከዚያ ያረጀ ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል፣ «ገልብጪውና እይው እስቲ፣ መገልበጡ ነው» አልኩ።

ፉንዲው መጥቶ ሳህኑን ገለበጠው፤ አስገባው፤ ጣቱን ጠርዙ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ጠርዙ የተንቀሳቀሰው የጥርስ ግማሽ ያህል ነው። «ለማስተካከያ ነው እኮ፣ ማማ» አለኝ። «ሁለቱንም ፊት ሞክረሽ ለልኩ የቀረበውን ትይዣለሽ። ከዚህች እሳት አይወጣም።» ልጄ ገጹን አነበበች። እንግሊዛዊውም ያንኑ ብሎ ነበር። እኔ «ሁለቱ ፊቶች አንድ አይደሉም» የሚለውን ብቻ ተርጉሜ የቀረውን ትቼዋለሁ።

ያኔ ነው የሆስፒታሉ ትዝ ያለኝ። ሦስተኛው ቀን ይመስለኛል። ባለቤቴ እጁ እንደታሸገ ትራሱን ተደግፎ «ያን ዕለት ሰባት ነበር ያልሽን፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ሰባት።»

«ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ምን ይላል?»

«ዋን ኦክሎክ።»

ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ቀና ብሎ ብዙ ቆየ። እንግሊዝኛ ባያነብም ዋንን ያውቃል፤ ዋንን የማያውቅ የለም። «እሺ» አለኝ። ከዚያ ውሃ ስጪኝ አለ። ወንድሙን ጥፋተኛ የሚያደርግበትን እያሰበ ነበር የመሰለኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ለካ ስህተቴን ያኔውኑ አግኝቶት ነበር።

«ምንድን ነው? አልገባም እንዴ?» አለ ዋርሳዬ ከበሩ። ልጄ በእንግሊዝኛ እየቀላቀለች ስለተናገረች ግማሹን አልሰማም፤ ጉልበቱም አያስጠጋውም። ፉንዲው ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። ልጄ ወደ እኔ አየች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሰውየው በገዛ አፉ አምኗል፤ በምስክር ፊት። «ገብቷል» ብል እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔም ቀሪ ዘመኔን ትክክል ሆኜ እኖር ነበር። ይህን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አሰብኩት።

«አንተ አይደለህም» አልኩት።

«ምኑ?»

«መገልበጡ ምንም አያደርግም። የእኔ ነው ስህተቱ። ሰውየው አንድ ቁጥር ያለችበት ላይ አድርጉት ብሎ ነው የጻፈው። እኔ የቀን ሰዓት መስሎኝ ሰባት ብዬ ተረጎምኩት። አንተ ያስገባኸው እኔ ያልኩህ ቦታ ነው።»

ጣቱን ወደ አየር አንስቶ መጀመሪያ አንድን፣ ከዚያ ሰባትን ፈለገ። ጣቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መብቱም ነው።

«ወንድሜ ያውቅ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

ሆስፒታል የተባባልነውን ነገርኩት።

«እኔ ሄጄ ጥፋቴን ስነግረው… የእኔ እንዳልሆነ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ እኔን ስትራገሚ?»

«ያውቃል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» ወንበሩን በመዳፉ መታው። «አፋጅቶን ሄደ እኮ!»

«አፋጅቶን ሄደ» አልኩ እኔም። ስናገረው ደነገጥኩ። እኔን ለማትረፍ ይሆናል ዝም ያለው፤ ቢነግረኝ የምሰበር መስሎት። ወንድሙን ግን በማን ፈቃድ ነው የጣለልኝ? እኔንስ የገዛ ስህተቴን እንዳላውቅ ማን ፈረደብኝ? ከዚህ ሰው ጋር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተስማማሁበት የመጀመሪያው ነገር ሟቹ ላይ መናደድ ሆነ።

ፉንዲው ሽፋኑን አሰረው። ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን፤ እኔ እስከ በሩ ድረስ። ማስነሻውን ሲጫን ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ጆሮ የሚበጥስ፣ አስቀያሚ ጩኸት ነው። ባለቤቴ እጁን የሰጠበት ሞተር ሲሠራ ይህን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ጸጥ ሲል ዋርሳዬ ጠራኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ። «ለሰዉ ያወራሁብሽን እኔው አነሳዋለሁ፤ ሳህኑን ገልብጬ ነው እላለሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል?»

«ካንተ ውለታ አልቀበልም።»

«ውለታ አይደለም…»

«ነው እንጂ። ከነገርክ ውሸት ነው፤ ውሸቱ ደግሞ ለእኔ ብለህ ይሆናል። ከዚያ ስንት ዓመት ላመስግንህ ነው?»

«አቤት አንቺ ሴት!» አለ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እየሳቀች ወይም እያለቀሰች እንደነበር አልለየሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ለሦስት ሰዎች ነገርኳቸው፤ ቆመን፣ ያለ አንዳች ማለዘቢያ። እንዴት እንደተረጎምኩት፣ ሳህኑ የት እንደነበረና የት መሆን እንደነበረበት፣ ባለቤቴን ያቃጠለው የእኔ ሰባት እንደሆነ። ሦስቱም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሦስቱም አቀፉኝና «እሰይ፣ እንኳን ታረቃችሁ» አሉኝ።

አልታረቅንም። እኔ የነገርኳቸው ማን እንዳጠፋ ነው።